ተራችን የት እንደደረሰ ንገሩን

ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም

ጉዳዩ፦ ፓስፖርት ጠያቂዎች ከደረሰኝ ውጭ ስለሚከፍሉት ገንዘብ

የተከበራችሁ የአገልግሎቱ ኃላፊዎች፣

በአንድ የክልል ከተማ ኮፒ ቤት አለኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ላሚኔሽን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የኦንላይን ፎርም መሙላት እንሠራለን። የፓስፖርት ማመልከቻ ወደ ድረ ገጽ ከዞረ ወዲህ፣ ስማርት ስልክ የሌለው፣ ቢኖረውም ፎርሙ የሚከብደው ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እንደኔ ወዳለ ቤት ነው። የማስከፍለው ዋጋ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል። የምጽፍላችሁም እዚያው ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ስላየሁት ነገር ነው።

ከመስኮቱ በስተጀርባ ስለሚሆነው አልጽፍም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። በ2016 ዓ.ም. አንድ ምክትል ዋና ዳይሬክተርን ጨምሮ የተቋሙ ሰዎች በሙስና ተጠርጥረው በቁጥጥር ሥር መዋላቸውን ሁላችንም ከዜና ሰምተናል። ስለዚህ ችግር መኖሩን ለማስረዳት ወረቀት ማባከን አያስፈልገኝም፤ ከኛ በፊት መንግሥት ራሱ ተናግሯል። የኔ ነገር ከበሩ ውጭ ነው። ከበሩ ውጭ ያለው ገበያ ከውስጥ ማንም ጉቦ ባይበላ እንኳ ሳይዘጋ የሚውል ገበያ ነው። ይህ ነገር በቅጡ የተጤነ አይመስለኝም።

እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ።

አንዲት ልጅ ከገጠር ትመጣለች። ልደት ካርዷን፣ መታወቂያዋን ይዛለች፤ ፎርሙ ይሞላል፣ ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ይገባል፣ ቀጠሮዋ ሲደርስ አሻራና ፎቶ ትሰጣለች። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። የተባለው ጊዜ ይደርሳል፣ ያልፋል። ትመጣለች፤ «ገና ነው፣ ሌላ ጊዜ ተመለሽ» ትባላለች። ከመጣችበት ወረዳ የመጓጓዣና የአልጋ ወጪ አለባት። ሁለተኛ ስትመለስ ከበሩ ራቅ ብሎ የቆመ፣ ፋይል በብብቱ የያዘ ሰው ይጠብቃታል። «እህቴ፣ ያንቺኮ ፋይል ተይዟል። ውስጥ ሰው አለኝ፤ አስር ሺህ ካለሽ በሳምንት ይወጣል። ካልወጣ ብርሽን እመልሳለሁ።»

ብሩን እመልሳለሁ ማለቱ ነው ሰውን የሚረታው። ሌባ ገንዘብ እመልሳለሁ አይልም ብላ ታስባለች። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቹ በእርግጥም ይመልሳሉ!

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ይህ ሰው በአንድ ሳምንት ከአስር ሰው አስር አስር ሺህ ብር ተቀበለ እንበል። ከዚያ ምንም አያደርግም። ወደ ውስጥ አይገባም፣ ለማንም አይደውልም፣ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። ከአስሩ ሰዎች የአራቱ ወይም የአምስቱ ፓስፖርት በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ወረፋ በዚያ ሳምንት ታትሞ ይመጣል፤ ምክንያቱም ሁሉም ያመለከቱት ከወራት በፊት ነው፣ ተራቸው ደርሷል። የነዚህን ብር ይወስዳል። ላልወጣላቸው ብራቸውን ቆጥሮ ይመልሳል፣ «አልተሳካልኝም፣ ይቅርታ» ይላል። የተመለሰላቸው ሰዎች በሐቀኝነቱ ይገረማሉ፣ ለዘመድ ያወሩለታል። የወጣላቸው ደግሞ ኃይለኛ ሰው ነው ብለው ይመርቁታል፣ ስልኩን ለጎረቤት ይሰጣሉ። ሁለቱም ወገን ማስታወቂያ ሆነለት። ኪሳራ የለበትም፣ ግብር የለበትም፣ ተባባሪ ሠራተኛ እንኳ አያስፈልገውም።

ይህን በግምት አይደለም የምናገረው። ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ወደኔ የሚመጡ አሉ፤ «እስቲ ወጥቶ እንደሆነ እይልኝ» ይላሉ። የማመልከቻ ቁጥራቸውን አስገብቼ ስፈልግ ቀድሞ ታትሟል የሚል አገኛለሁ። መቼ እንደከፈሉ ስጠይቃቸው ከትናንት ወዲያ ይላሉ። ለታተመ ፓስፖርት ማሳተሚያ ከፈሉ ማለት ነው። አንዳንዴ እነግራቸዋለሁ፣ ያዝናሉ። አንዳንዴ ግን የደላላውን ስም ሲጠሩ ፊታቸው ላይ የማየው ምስጋና አፌን ያስይዘኛል፤ ተጭበርብራችኋል ብላቸው እኔን ነው ቀናተኛ የሚሉኝ።

እንግዲህ ይህ ሰው የሸጠው ፓስፖርት አይደለም፣ ፍጥነትም አይደለም። የሸጠው ከእናንተ ያላገኙትን ወሬ ነው፤ ፋይልሽ የት ደረሰ፣ ለምን ዘገየ፣ መቼ ይወጣል። ያ ወሬ ደግሞ ውሸት ነው። እናንተ ዝም ባላችሁበት ቦታ ሁሉ እሱ ይናገራል።

በድረ ገጹ መፈለግ ይቻላል፣ ስም ዝርዝርም በማኅበራዊ ገጾቻችሁ ሲለጠፍ አይቻለሁ፤ ይህን አልክድም፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚነግረን ስለታተመው ነው። ስላልታተመው አይናገርም። የጭንቀቱ ጊዜ ያ ነው፣ ገበያውም ያ ነው። ፋይሏ በወረፋ ላይ ይሁን፣ በስም ስህተት ይታገድ፣ አሻራዋ ድጋሚ ይፈለግ፣ ልጅቱ በምን ትለይ? ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። ደላላው ደግሞ ሦስቱንም «ተይዟል» በሚል በአንድ ቃል ይሸጣቸዋል።

ወደ ዋጋው ልምጣ። መደበኛው ፓስፖርት 600 ብር የነበረበትን ጊዜ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ከዚያ 2,000 ሆነ። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መደበኛው 5,000፣ በአምስት ቀን የሚሰጠው አስቸኳይ 20,000፣ በሁለት ቀን የሚሰጠው ደግሞ 25,000 ብር ተባለ። ያኔ ብዙ ሰው በጭማሪው ተቆጣ። የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. በተስተካከለው ስኬል 4,760 ብር መሆኑን ስታስቡ ቁጣው አይገርምም፤ የአንድ ወር ሙሉ ደመወዝ ለአንድ ደብተር አይበቃም ነበር። እኔ ግን ስለ ጭማሪው ልከራከር አልመጣሁም። ዶላር ጨምሯል፣ ወረቀትም ቀለምም ጨምሯል፤ እኔም የኮፒ ዋጋ ጨምሬያለሁ።

የኔ ጥያቄ በ5,000 እና በ20,000 መካከል ስላለው ሜዳ ነው። ለአስቸኳዩ ቀኑ በቁጥር ተነግሯል፤ አምስት ቀን፣ ሁለት ቀን። መደበኛውን የሚከፍለው ሰው ግን በሰዓቱ ካልወጣለት ምን መብት እንዳለው የነገረው የለም። ስለዚህ 5,000 የከፈለ ሰው የገዛው ፓስፖርት ሳይሆን ተስፋ ነው። ደላላው ዋጋውን የሚቆርጠው እዚያ መሀል ነው። አስር ሺህ፣ አስራ ሁለት ሺህ፤ ከመደበኛው ጋር ሲደመር ከአስቸኳዩ በታች እንዲሆን አድርጎ። «በሕጋዊው ብትሄድ ሃያ ሺህ ነው፣ እኔ እቀንስልሃለሁ» ይላል። የናንተን የዋጋ ዝርዝር እንደ ማነጻጸሪያ ይዞ ነው የሚነግደው። ሕጋዊው አስቸኳይ ክፍያ ከሕገወጡ ያድናል ተብሎ ታስቦ ከሆነ፣ ከኔ ደጃፍ እንደሚታየው ያደረገው ነገር ለደላላው የዋጋ ጣሪያ መስጠት ነው።

ይህን ገንዘብ የሚከፍለው ማን እንደሆነም እናንሳ። ለትምህርት የሚሄድ አለ፣ ለሕክምና የሚሄድ አለ፣ ዲቪ የደረሰው አለ። በኔ ቤት በብዛት የሚመጡት ግን ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኤምሬትስ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ዮርዳኖስ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ሴቶች ናቸው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ብዙውን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ቪዛው፣ የአውሮፕላን ትኬቱ የአሠሪው ነው። የፓስፖርቱ፣ የሕክምና ምርመራው፣ የልደት ካርዱ ወጪ ግን የሠራተኛዋ ነው። ስለዚህ ሕጉ ከጫንቃዋ ካላወረደላት ጥቂት ወጪዎች አንዱ እናንተ ዘንድ ያለው ነው፤ ደላላውም ያንን ያውቃል። የምትከፍለው ገንዘብ የራሷ አይደለም። በሬ ተሸጦ ነው፣ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ተወስዶ ነው። ሪያድ ደርሳ በወር 1,000 ሪያል ስትቀጠር የመጀመሪያዎቹን ወራት የምትሠራው ለዚያ ዕዳ ነው።

ፓስፖርቱ በቶሎ ካልወጣ ምን ይሆናል? ኤጀንሲው ሌላ ሰው ይተካባታል፣ የሕክምና ምርመራዋ ጊዜ ያልፍበታል፣ እንደገና ትከፍላለች። ተስፋ የቆረጠችው ደግሞ ፓስፖርት የማይጠየቅበትን መንገድ ታስባለች፤ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ ድንበር። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ወገን ባሕር ውስጥና በረሃ ላይ እንደቀረ ለናንተ መንገር አይገባኝም። የመደበኛ ፓስፖርት ወረፋ ከዚያ መንገድ ጋር ግንኙነት የለውም የሚል ሰው ኮፒ ቤቴ መጥቶ አንድ ቀን ይዋል።

ሌላ ደግሞ አለ፤ የስም ጉዳይ። ለብቻው ደብዳቤ የሚወጣው ነው። መሐመድ፣ ፀሐይ፣ ገብረ እግዚአብሔር የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ እንደ ጸሐፊው ይለያያሉ። ቀበሌ አንድ ዓይነት ይጽፋል፣ ትምህርት ቤት ሌላ፣ ልደት ካርድ ሰጪው ሌላ። አሁን ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ መጥቷል፤ ፋይዳ ላይ የተጻፈው ደግሞ ሲመዘገቡ ፊት ለፊት በተቀመጠው ወጣት ስሜት ነው። ሦስት ሰነድ፣ ሦስት አጻጻፍ። አንድ ፊደል ሲለያይ ፋይሉ ይቆማል፣ ሰውየው ግን አይነገረውም ወይም ዘግይቶ ይነገረዋል። እርማቱን ለማስገባት ከቀበሌ ወደ ወሳኝ ኩነት፣ ከዚያ ወደ እናንተ ይመላለሳል። ደላላ የሚያገኘው ትልቁ ሲሳይ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ፋይሉ በእውነት ተይዟል፣ ሰውየውም በእውነት ፈርቷል። ፊደሉን አስቀድሞ የሚያመሳስል አንድ የአጻጻፍ ሠንጠረዥ ለቀበሌዎችም፣ ለፋይዳ መዝጋቢዎችም፣ ለኛም ለኮፒ ቤቶች ቢሰጥ ምን ያህል ጉዳይ ከመጀመሪያው ይቀር ነበር! እስካሁን ያለ ሠንጠረዥ ነው የምንሠራው። ደንበኛ ሲመጣ «በምን ይጻፍ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ «አንተ ታውቃለህ» ይለኛል።

ለምን አይጠቁሙም ትሉ ይሆናል። ስልክ ቁጥር አለ፣ የጥቆማ ሳጥን አለ። አይጠቁሙም፤ ሦስት ነገር አፋቸውን ይይዛቸዋል። አንደኛ፣ ፓስፖርቱ ገና እጃቸው አልገባም፣ የሚጠቁሙበት ተቋም ደግሞ ፓስፖርቱን የያዘው ነው። ሁለተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ መስጠትም መቀበልም ወንጀል ነው፤ ስለዚህ «ከፍያለሁ» ያለ ሰው ራሱን የከሰሰ ይመስለዋል። ቀድሞ ጠቃሚ መረጃ የሰጠ ሰው ከክስ ነጻ የሚሆንበት መንገድ በፀረ ሙስና ልዩ ሥነ ሥርዓት ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 434/1997 ውስጥ እንዳለ፣ ጠቋሚን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባልም እንዳለ አንድም ደንበኛዬ ሲያወራ አልሰማሁም። በራችሁ ላይ «ጉቦ መስጠትም መቀበልም ወንጀል ነው» የሚል ጽሑፍ ሲለጠፍ ይህኛው ክፍል ከሥሩ አይጻፍም። ሦስተኛው ከሁለቱም ይብሳል፤ ብዙዎቹ መጭበርበራቸውን አያውቁም። ደላላው ውለታ የዋለላቸው ነው የሚመስላቸው።

በቴሌግራምና በቲክቶክ የናንተን አርማ ለጥፈው «ፓስፖርት በሦስት ቀን» የሚሉትን አልረሳኋቸውም። ብር በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ከበራችሁ አጠገብ የቆመው ደላላ ከነሱ ጋር ሲተያይ ጻድቅ ነው። በጅዳና በቤይሩት ያሉ እህቶቻችንም ፓስፖርታቸው ሲያልቅ በኤምባሲና በቆንስላ በኩል አመልክተው አዲስ አበባ እስኪታተም ይጠብቃሉ፤ እዚያም ያው ዝምታ፣ እዚያም ያው «ሰው አለኝ» ባይ ነው የሚጠብቃቸው። ልዩነቱ በሪያል ወይም በዶላር መጠየቁ ነው።

ከዓመታት በፊት የደብተር እጥረት በነበረበት ወቅት፣ የውጭ ምንዛሪ ስለሌለ ደብተሩ ከውጭ አልገባም ሲባል ሰው ተረድቶ ነበር። ዛሬ ቶፓን ከተባለው የጃፓን የኅትመት ኩባንያ ጋር በሽርክና በተቋቋመ ድርጅት አማካይነት አዲሱ ኢ-ፓስፖርት መጥቷል። ቺፕ ያለው ዘመናዊ ደብተር ነው፤ እሰየው። ይሁንና ወረፋው ካልታየ ቺፑ ለደላላው ምኑም አይደለም። እሱ በደብተሩ ላይ አይነግድም ብያችኋለሁ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ካሜራ ጨምሩ፣ ጥበቃ ቀይሩ፣ ደላሎችን በፖሊስ አስባርሩ አልልም። ደላሎች ከዚህ በፊትም ተባርረዋል፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ።

በየሳምንቱ ሰኞ አንድ መስመር ጻፉ። በበሩ ላይ፣ በድረ ገጹ ላይ፣ በሬዲዮም ቢሆን፤ «እስከዚህ ቀን ድረስ አሻራ የሰጡ መደበኛ አመልካቾች ፓስፖርት ታትሟል።» በየቅርንጫፉ፤ የባህር ዳር፣ የደሴ፣ የሐዋሳ፣ የጅማ፣ የድሬዳዋ እያላችሁ። ከሥሩ በዚያ ሳምንት ስንት መደበኛ፣ ስንት አስቸኳይ እንደታተመ ይጨመር። ይህ ቁጥር እናንተ ዘንድ ሳይሆን አይቀርም፤ ማሽኑ ይቆጥረዋል። ልጅቱ ያንን መስመር ካየች የሷ ቀን ገና እንደሆነ ታውቃለች፣ ወደ መንደሯ ትመለሳለች፣ ለደላላ የምትከፍልበት ምክንያት የለም። ቀኗ አልፎ ፓስፖርቷ ካልመጣ ደግሞ የሆነ ችግር እንዳለ ታውቃለች፤ በደረሰኟ ቀጥታ ወደ እናንተ ትመጣለች። እናንተንም ይጠቅማችኋል፤ ከተራው ቀድሞ የታተመ መደበኛ ፓስፖርት ካለ ከዚያ መስመር ጋር ሲተያይ ራሱ ይናገራል፣ ኦዲተር መጥራት አያስፈልግም።

የቆመ ፋይል ካለ ምክንያቱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ። «የአባት ስም ከልደት ካርድ ጋር አይመሳሰልም» የምትል አንዲት ሐረግ የአስር ሺህ ብር ዋጋ አላት፤ ዛሬ ያንን ዋጋ የሚሰበስበው ሌላ ሰው ነው። ስልክ ቁጥራችን ፎርሙ ላይ አለ፤ እኔ ራሴ ነኝ የምሞላው።

መደበኛውም አስገዳጅ የጊዜ ገደብ ይኑረው። ገደቡ ረዘም ቢል ግድ የለም፤ ቁርጡ ይነገረን። ካለፈ ደግሞ አመልካቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ አስቸኳዩ መስመር ይግባ። ይህ ሲሆን ነው መዘግየት ለተቋሙም ወጪ የሚሆነው፤ እስካሁን ወጪነቱ ለአመልካቹ ብቻ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከሀገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ሁለቱን አንቀጾች ኮፒ ሳደርግ ነው ያነበብኳቸው። ከሁለቱ የሚቀልላችሁ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ አንድ ሉህ ወረቀትና ማጣበቂያ ነው የሚፈልገው።

ለግልባጭ ተቀባዮች ደግሞ፦ ኮሚሽኑ ጉቦ ሰጪን ከክስ ነጻ የሚያደርገውን ድንጋጌ በቀላል ቋንቋ አዘጋጅቶ ቢልክልን በየኮፒ ቤቱ በር ላይ እንለጥፈዋለን፤ ኮፒውን በነጻ እናደርጋለን። እንባ ጠባቂው የመደበኛ ፓስፖርት አስገዳጅ የጊዜ ገደብ መኖር አለመኖሩን በደብዳቤ ጠይቆ መልሱን ለሕዝብ ቢያሳውቅ ሥልጣኑ ይፈቅድለታል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ደብዳቤ ረጅም መልስ አልጠብቅም። የሚከተለውን ብቻ መልሱልኝ፣ ነገ ጠዋት ወረፋ ከመሰለፋቸው በፊት ወደኔ ለሚመጡት እንድነግራቸው፦ በዚህ ሳምንት እስከ ስንት ቀን አሻራ የሰጡ መደበኛ አመልካቾች ፓስፖርት ታትሟል?

ከአክብሮት ጋር፣

በአንድ የክልል ከተማ የኮፒ ቤት ባለቤት